የበዓል እረፍትን በዓመት ፈቃድ እንዴት ማራዘም ይቻላል?

የበዓል ዋዜማ ሐዋሳ መናኸሪያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ ዘይቱንና ቡናውን በፌስታል ይዞ ወደ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዲላ ይጋፋል። ብዙው ሠራተኛ በማግሥቱ ሥራ ስላለው ቤተሰቡን በደንብ ሳያይ ይመለሳል። አንድ ሁለት ቀን ማስጨመር ይቻላል፤ በጊዜ ከተጠየቀ።

መጀመሪያ ስንት ቀን እንዳላችሁ እወቁ። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንድ ዓመት የሠራ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ዓመት ያልሞላችሁ ገና ናችሁ፤ አለቃችሁን በጊዜ አማክሩ።

ቀጥሎ ካላንደር አውጡ። በ2019 ዓ.ም. ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል። ብዙ ፋብሪካ ቅዳሜም ይሠራል፤ ስለዚህ ቅዳሜንና ሰኞን ብትጠይቁ ከጥር 8 እስከ 11 አራት ቀን ታርፋላችሁ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ቢሆንም በሕግ የሥራ ቀን ነው፤ ከፈለጋችሁት አብራችሁ ጠይቁት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ግን ቀኑ በአያንቶዎች (ከዋክብትን አይተው ቀን በሚቆጥሩ የሲዳማ ሽማግሌዎች) ቆጠራ ስለሚታወቅ ሲነገር ጠብቃችሁ ነው የምትጠይቁት።

አሁን ቅጹ። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ» ብላ ሞላች፤ «የቀን ብዛት» የሚለውን ባዶ ተወችው። ሰው ኃይል አራት ብሎ ጻፈበት። እሁድ እረፍቷ ነው፣ ማክሰኞ በዓል ነው። መቆረጥ የነበረበት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። አዋጁ «የሥራ ቀን» ነው የሚለው፤ የሳምንት እረፍትና የሕዝብ በዓል ከፈቃዳችሁ አይቆረጥም። ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉት።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ፈቃድን አንድ አንድ ቀን እየቆረሱ መውሰድ በሕጉ የተሰጠ መብት አይደለም። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ሲስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ከዚያ በላይ መከፋፈል በድርጅቱ አሠራር ወይም በኅብረት ስምምነቱ (ሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ባደረገው ውል) ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ መጠየቅ የሚያዋጣው። እኔ አንድ ወር ቀድሜ አስገባለሁ። በሽፍት የምትሠሩ ከሆነ ማን እንደሚተካችሁ ተነጋግራችሁ ስሙን ይዛችሁ ግቡ። ሱፐርቫይዘር የሚጨነቀው ማሽኑ ባዶ እንዳይቀር ነው።

«ሂጂ፣ ችግር የለውም» የሚል የቃል ፈቃድ ይዛችሁ መኪና ላይ አትውጡ። ፊርማው ያለበትን ቅጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ካልተፈቀደ ሌላ ቀን ጠይቁ። የውሸት የሕክምና ወረቀት ፈጽሞ አትፈልጉ። ዝም ብሎ መቅረትም አያዋጣም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል።

የመመለሻውንም አስቡበት። በበዓሉ ማታ መኪና ስለሚጠፋ ጠዋት ተነሡ።