በቃላት የሚቀርብ ሂሳብ፦ ስህተቱን አይቶ ምክንያቱን ማግኘት

150 ሲደመር 30 የማይከብደው ልጅ ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ከተሳሳተ፣ ሌላ 20 ጥያቄ አታሸክሙት። የጻፈውን መልስ እዩት።

ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ጥያቄውን ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ንገሩት፤ ሐዋሳ ላይ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ ወይም አማርኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሠራው የቸገረው ቋንቋው ነው።

ምልክት፦ መደመር ሲገባው ይቀንሳል
«አምባዛ ዓሣው 150 ብር ነው፤ ከቆሮሶ ዓሣው በ30 ብር ያንሳል። ቆሮሶው ስንት ነው?» ልጁ 120 ይላል።

ምክንያት፦ «ያንሳል ካለ ቀንስ፣ በጠቅላላ ካለ ደምር» ተብሎ ተምሯል። አቋራጩ በቀላል ጥያቄ ላይ ስለሚሠራለት ያምነዋል። እዚህ ግን ያነሰው አምባዛው ነው፤ የተጠየቀው ደግሞ ቆሮሶው።

መፍትሄ፦ ቁጥሮቹን ሸፍናችሁ «የቱ ይወደዳል?» በሉት። ከመለሰ በኋላ ሁለት መስመር ያስምር፤ አጭሩ አምባዛ፣ ረጅሙ ቆሮሶ፣ ትርፉ ላይ 30። ስሌቱ ከዚህ በኋላ ነው። በቀን ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ በአንዱ «ያንሳል» የሚያስቀንስ፣ በሌላው የሚያስደምር ይሁን። ካልተቀላቀሉ ሌላ አቋራጭ ይሸመድዳል።

ምልክት፦ «5.83 ሚኒባስ»
70 ተማሪዎች ወደ ሐይቁ ሲሄዱ፣ አንዱ ሚኒባስ 12 ሰው ቢጭን ስንት ያስፈልጋል? ማካፈሉ ልክ ነው፤ ልጁ ግን ወደ ታሪኩ አልተመለሰም። መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስጽፉት፤ «5.83 ሚኒባስ እንከራያለን» ሲል ራሱ ይስቃል። 6 ነው። ወዲያው «በ70 ብር ባለ 12 ብር እስክሪብቶ ስንት ይገዛል?» በሉት። ማካፈሉ ያው ነው፣ መልሱ ግን 5።

ምልክት፦ ጉዞው 10 ሰዓት ተኩል ፈጀ
ከቀኑ 11:40 ተነስቶ ማታ 1:10 የደረሰን መኪና ጉዞ ሲያሰላ ትንሹን ከትልቁ ቀንሶ ነው። ሰዓታችን ከ12 በኋላ በ1 እንደሚጀምር ዘንግቷል። በ12 ላይ ይቁረጠው፤ 20 ደቂቃና 70 ደቂቃ፣ በድምሩ 90።

ምልክት፦ መልስ የሌለውን ይመልሳል
እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይ ግሬኖብል፣ 26 በግና 10 ፍየል በጫነች መርከብ ላይ ካፒቴኑ ስንት ዓመቱ እንደሆነ 97 ሕፃናት ተጠይቀው 76ቱ ቁጥሮቹን አቀናብረው ዕድሜውን ነግረዋል። ሞኝነት አይደለም። መምህር የጠየቀው ሁሉ መልስ አለው፣ የተሰጠ ቁጥርም ሁሉ ይገባል ብለው ለምደዋል። ከየ10 ጥያቄው አንዱ መረጃ የጎደለው፣ አንዱ ትርፍ ቁጥር ያለበት ይሁን። «አይቻልም፣ ዋጋው አልተነገረም» ብሎ ለጻፈም ሙሉ ማርክ ስጡት።