የቦይለር ዕቃ በጥገና ላይ ሲሰበር

እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ። የጋዝ ቦይለር ሲጠገን ደህና የነበረ ሌላ ዕቃ መሰበሩ ያጋጥማል፤ በተለይ ሙቀት ለዓመታት ያደረቀው ፕላስቲክ ገና ሲነኩት ቀጭ ይላል። ከዚያ "ድሮም ተሰንጥቆ ነበር"፣ "አልነበረም" የሚል ክርክር ይነሳል። ይባስ ብሎ የታዘዘው መለዋወጫ ልክ ሳይሆን ይቀራል።

ስብርባሪው ሳይጣል፣ ባለሙያውም ሳይሄድ ፎቶ አንሱ። ዕቃውን በላዩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር፣ የወጣበትን ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቦይለሩን መለያ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ "ጂሲ" (GC) የሚል ባለ 7 አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። ስማቸው አንድ የሆነ ቦይለሮች የውስጥ ዕቃቸው ሊለያይ ይችላል፤ ትክክለኛውን ሞዴል የሚለየው ይህ ቁጥር ነው። መለዋወጫ ሻጮችም የሚጠይቁት እሱን ነው።

ባለሙያው በሥራ ወረቀቱ ላይ "በጥገና ጊዜ ተሰበረ" ብሎ እንዲጽፍ በትህትና ጠይቁት። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ሥራው በተገቢው ጥንቃቄና ሙያ እንዲሠራ ያስገድዳል፤ ክርክር ከተነሳ ወረቀቱ ይጠቅማችኋል። ተከራይ ከሆናችሁ ፎቶዎቹን ለአከራዩ በዚያው ቀን ላኩለት።

ሰሌዳው የሚገኘው ክዳኑ ውስጥ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ፎቶውን በጋዝ ሴፍ (Gas Safe፣ የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ) የተመዘገበው ባለሙያ ያንሳላችሁ። የተሰበረውንም በማጣበቂያ ለመጠገን አትሞክሩ። ጋዝ ከሸተታችሁ ፎቶው ይቅር፤ መብራት ሳትነኩ መስኮት ከፍታችሁ ውጡና ወደ ጋዝ ድንገተኛ መስመር 0800 111 999 ደውሉ።