ቶርኖ ግቢያችሁ ከመግባቱ በፊት ወለሉን አስቡ

ደብረ ብርሃን ላይ ግቢው ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) መትከል የፈለገ ሰው ሲያማክረኝ፣ ስለ ማሽኑ ሳናወራ «አፈርህ ምን ዓይነት ነው?» እለዋለሁ።

የኛ አገር መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እኔ የመጀመሪያ ቶርኖዬን ስስ ሊሾ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ሰኔ ላይ ቀጥ አድርጎ ይቆርጥ የነበረው ማሽን መስከረም ላይ የሚቆረጠውን ዘንግ አንድ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን እያደረገ ያወጣ ጀመር፤ መቁረጫ ስቀይር፣ ስፈታ፣ ስገጥም ወር ሙሉ ለፋሁ፣ ችግሩ ግን ከስር ነበር፣ ወለሉ ተነስቶ ማሽኑን ጠምዝዞታል።

ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቆፍራችሁ አውጡት፣ በድንጋይና በገረጋንቲ ሙሉት፣ በደንብ ጠቅጥቁት። ከላዩ በፌሮ የታሰረ አርማታ ሙሉ፤ አንድ ቶን ለሚሆን ቶርኖ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፣ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሞላችሁ ውርጭ እንዳያገኘው ማታ ማታ በጆንያና በላስቲክ ሸፍኑት። የዝናቡ ውሃ ከግድግዳው ስር እንዳይተኛ ቦይ ማውጣትም አትርሱ።

ከአይሱዙ ማውረዱን ለጉልበት አትተዉት። ክሬን ያለው መኪና ተከራዩ፣ እውነቴን ነው፣ ገንዘቡ አይቆጫችሁም። ቶርኖ ላዩ ይከብዳል፣ ክብደቱም ወደ ሞተሩ በኩል ያደላል። ቻኩን (የሚቆረጠውን ብረት ይዞ የሚያዞረውን) ፍቱ፣ ሰረገላውን (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደውን) ወደ ሌላኛው ጫፍ ግፉና እሰሩት። ገመዱ ክር ማውጫውን ረጅም ዘንግ እንዳይነካ፤ ከተጣመመ አበቃለት።

መሬት ከነካ በኋላ በአንድ ልክ የሆኑ አራት የብረት ቱቦዎች ላይ ይንከባለላል። በድጅኖ ወይም በክሪክ ትንሽ ባነሳችሁ ቁጥር ጣውላ ሸጉጡ። እጅ ከስር አይገባም። ቁልቁለት ባለበት በታች በኩል ማንም አይቁም፣ ማሽኑ ከዘመመ ደግሞ ሊደግፈው የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር አስቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ፤ ብረት ይጠገናል፣ ሰው ግን አይተካም።

መብራቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ብዙው ቶርኖ ባለ 380 ቮልት ሶስት ፌዝ (በሶስት የመብራት መስመር የሚሠራ) ነው፣ የቤት ቆጣሪ አይሸከመውም። ስታስነሱት በተቃራኒው ከዞረ ኤሌክትሪሻኑ ከሶስቱ ፌዝ ሁለቱን ያቀያይር። በክር የሚገጠም ቻክ በተቃራኒ ዙር ተፈትቶ ሊበር ስለሚችል ይህን ቻኩ ሳይታሰር ሞክሩት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። እኛ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዛቸውም፣ አታጨናንቋቸው።

የግንበኛ ውሃ ልክ ለመጀመሪያ ያህል ይሆናል እንጂ ለቶርኖ አይበቃም። በሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር ዝንባሌ የሚለይ ውሃ ልክ ካላገኛችሁ ወፍራም ዘንግ በቻኩ ብቻ ያዙና ሁለት ቦታ ላይ በስሱ ቁረጡ። ሁለቱንም ቦታ ማይክሮ ሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለኩት። ልዩነት ካለ ከቻኩ ርቆ ባለው ጫፍ በኩል ያሉትን የማሽኑን እግሮች ጥቂት ጥቂት እያስተካከላችሁ ደግማችሁ ቁረጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ለኩ፣ ክረምቱ ሲወጣም መስከረም ላይ እንደገና።