ቀረጻችሁ ላይ «እምምም» የሚል ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ንቀሉ

በላፕቶፕ ስትቀርጹ ከንግግሩ ሥር የማያቋርጥ «እምምም» ከገባባችሁ አዲስ ማይክ ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ትንሽ ቅረጹ። ድምፁ ከጠፋ ማይኩ ጤነኛ ነው። ላፕቶፑና ሚክሰሩ (ማይኩ የሚሰካበት የድምፅ ማደባለቂያ) የተለያየ ሶኬት ላይ ሲሰኩ በኤርዝ (የመሬት) ሽቦውና በድምፅ ገመዱ በኩል ዙሪያውን ይገናኛሉ፤ እዚያ ውስጥ የሚዞረው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ነው ቀረጻው ላይ የሚሰማው። (መብራት በጠፋ ቀን የተቀረጸው ጥርት ብሎ የሚገኘውም ለዚህ ሊሆን ይችላል!) ቀረጻው አጭር ከሆነ በባትሪ ጨርሱት፤ ረጅም ከሆነ ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የሶኬት መሰኪያውን የኤርዝ እግር ቆርጦ መሰካት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ድምፁ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ሊይዛችሁ ይችላል። በባትሪም ያው ከሆነ የላፕቶፑን ፋን ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ ጌይን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ጠርጥሩ።