ምርቱ የቆመ የወንድ ሽቶ ስትገዙ አትሳሳቱ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ተበላሁ! ሽቶው ኮምጣጤ ሆኗል» አለኝ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ።

የገዛው ፓቱ ፑር ኦምን ነው፤ ዣን ፓቱ የተባለው የፈረንሳይ ቤት ያወጣው የወንድ ሽቶ። ሽቶ ቀማሚው ዣን ኬርሌዮ የቀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው። «ስንቴ ረጨኸው?» አልኩት። «አንዴ።» «ስንት ደቂቃ ጠበቅህ?» ዝም።

ወገን፣ አሮጌ ሽቶ ላይ በአንድ ደቂቃ አትፍረዱ! ቀድሞ የሚበላሸው መጀመሪያ የሚሸተው ነው፤ ሎሚው፣ ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ። እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ኦክሞስ የሚባለው የዛፍ ሽበት ግን በደንብ ከተያዙ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ደግሞ የመርጫው ቱቦ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ፈሳሽ አለ። መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። አራት አምስቴ ሶፍት ላይ ርጩና ጣሉት። ከዚያ እጃችሁ ላይ አንዴ ነካ አድርጉና ሌላ ሥራ ሥሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አፍንጫ ማስጠጋት የለም።

እኔ ራሴ የመጀመሪያ ጠርሙሴን ሲንክ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነበር የሚሸተኝ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ እጅጌው ላይ ላቬንደርና ደረቅ እንጨት ሸተተኝ። ባዶውን ጠርሙስ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ አፉን ሳሸት አመሸሁ።

ሁለተኛው ስህተት ስም ብቻ አይቶ መግዛት ነው። ፓቱ ይኸንኑ ሽቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በሌላ ቀማሚ፣ በቶማ ፎንቴን እጅ መልሶ አውጥቶታል። ስሙ ያው ነው፤ ጠርሙሱም ሽታውም ሌላ። ካርቶኑን ገልብጡና እዩ። ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ምስልና አጠገቡ የወራት ቁጥር ካለ፣ ያ ምልክት አውሮፓ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። «የሰማንያዎቹ ነው» የሚላችሁን ሻጭ በሰላም ተሰናበቱት።

ቀለሙ ስለጠቆረ ብቻ አትደንግጡ። ወደ ትንንሽ ጠርሙስ አታገላብጡት፣ አየር ይገባዋል። ሻወር ቤት የምታስቀምጡ ሰዎች ደግሞ፣ እናንተን ምን ልበላችሁ? ሙቀትና ብርሃን የሌለበት ቁም ሳጥን ጠፋ?

ጓደኛዬ በማግስቱ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ያንን ኮምጣጤህን በገዛህበት ልውሰድልህ?» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።