የሐሰት አካውንት ሲያጋጥመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የቡና ዋጋም ሆነ የባጃጅ መቆሚያ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ጀበናው ዙሪያ ይጀምርና ፌስቡክ ላይ ይጧጧፋል። እዚያ ከሚጽፉት መካከል ደግሞ ተከፍሎት የሰው ስም ለብሶ የሚገባ አለ።

ኮሜንት ቆጥሮ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። አንድ ሠራተኛ አሥር ሃያ ስም ይዞ መጻፍ ይችላል፤ የሚሸጠውም ሐሳብ ሳይሆን ብዛት ነው። አየሁ የምትሉት ሕዝብ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። የለንደኑ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቤል ፖቲንጀር በደቡብ አፍሪካ ይነግድ ለነበረው ለባለሀብቱ የጉፕታ ቤተሰብ ኩባንያ ሲሠራ የደቡብ አፍሪካን የዘር ቁስል በሚነካካ ዘመቻ ተከሰሰ፤ በዚያው ሰሞን ትዊተር ላይ የሐሰት አካውንቶች የዚያኑ ዘመቻ መፈክር ያስተጋቡ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 2017 የሙያ ማኅበሩ አባረረው፤ ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ከሰረ። እዚያ አገር ሕዝብ መሃል የተዘራው ቂም ግን ከድርጅቱ ጋር አልፈረሰም።

ስለዚህ ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን ፕሮፋይል ክፈቱ። መቼ ተከፈተ? ከዚህ ጉዳይ በፊት ስለምን ይጽፍ ነበር? አንዱን ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ፈልጉት፤ ቃል በቃል በሌላ ስም ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

የአገር ልጅ ስም ስላለው ማመን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 2019 ፌስቡክ አርኪሜደስ ግሩፕ ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ ጋር የተያያዙ 265 አካውንቶች፣ ገጾችና ግሩፖች ዘጋ። ናይጄሪያን፣ ሴኔጋልንና ቶጎን ጨምሮ በሌላ አገር ጉዳይ ላይ የአገሬው ሰውና የአገሬው ዜና መስለው ይጽፉ ነበር።

እልህ ተጋብቶ መከራከር። መልሳችሁ ጽሑፉን ለብዙ ሰው ያደርስለታል። ሪፖርት አድርጋችሁ እለፉ።

ያልተስማማንን ሁሉ «ተከፋይ» ማለት። ይሄን እኔው ሠርቼዋለሁ። ስለ ባጃጅ መቆሚያው ስንነጋገር አንዲት ፎቶ የሌላት ሴት ደጋግማ ስትቃወመኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያነብበት «ስንት ተከፈለሽ?» አልኳት። በኋላ ሳጣራ ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ቡና የምትሸጥ እናት ናት፤ መቆሚያው ከተነሳ ደንበኞቿ እንዳይርቁባት ፈርታ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ወንበር ስባ «ተቀመጥ» አለችኝ፣ ቡናም ቀዳችልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቃል ስትጽፍ አላየሁም።