ቦዲ ኪት ከማዘዛችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ

ድሬ ላይ የጃፓን ስፖርት መኪና ይዛችሁ ቦዲ ኪት (የመኪናውን መልክ የሚቀይሩ የፊት፣ የጎንና የኋላ የውጭ ክፍሎች) ልታስመጡ ካሰባችሁ፣ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትዘዙ። ኮፈኑን ክፈቱና ብረቱ ሰሌዳ ላይ ያለውን የሻንሲ ኮድ፣ ማለትም የመኪናውን ሞዴል የሚለየውን ፊደልና ቁጥር አንብቡ። ኒሳን ሲልቪያን እንውሰድ። በኮዱ የሚለዩት ኤስ13፣ ኤስ14 እና ኤስ15 ቦዲያቸው ይለያያል። ኤስ14 ራሱ በ1996 እ.ኤ.አ. ፊቱ ስለተቀየረ የፊት ፓራውልቱ አንድ አይደለም። ሻጮች የቀድሞውን ዜንኪ፣ የኋለኛውን ኮኪ ይሉታል። ስለዚህ ከኮዱ ጋር የፊት መብራቱንም ፎቶ ላኩ።

ኪቱ ከሚሠራባቸው ነገሮች ፋይበር ግላስ ረከስ ይላል፤ ግን የፍጥነት መቀነሻው አንዴ ከነካው ተሰነጠቀ ማለት ነው። ዩሪቴን የሚባለው ፕላስቲክ ይተጣጠፋል፤ በድሬ ፀሐይ ግን ተደግፎ ካልተቀመጠ ይጎብጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የፊቱ ዩሪቴን፣ የጎኑ ፋይበር ይሁን። ባቲላሜራው ደግሞ ሳይቀባ በፊት ገጥሞ ይየው። የተቀባ ዕቃ የሚመልስላችሁ ሻጭ የለም።